«ኳስ ያኔ ቀረ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በልጅነታቸው አዲስ አበባ ስታዲየም ይመላለሱ የነበሩ አንድ ሰው የጻፉት የትዝታ ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። አጻጻፉ ውብ ነው፤ ብዙ ሰው ያጋራውም ያለ ምክንያት አይደለም። ቅሬታዬ ከትዝታው ተነሥተው በደረሱበት ድምዳሜ ላይ ነው። ጸሐፊው የሚሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የቀድሞው ኳሳችን ከዛሬው በብዙ ይበልጥ ነበር። ስታዲየሙ በየሳምንቱ ጢም ብሎ ይሞላ ነበር። ልጆች ሁሉ ያለ ትኬት ይገቡ ነበር፤ የሚነካቸውም አልነበረም። ክለቦቹ የሕዝብ ነበሩ፤ መንግሥትና ገንዘብ አያዝዛቸውም ነበር። ይህን ሁሉ ያጠፋው የአውሮፓ ኳስ በቴሌቪዥን መምጣቱ ነው። ስለዚህም ዛሬ ልጅን ይዞ ስታዲየም መሄድ ከንቱ ድካም ነው።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ልጆች ስታዲየም ይገኙ የነበረው እዚያ የሚያደርሳቸው አሠራር ስለነበረ ነው፤ የቀሩትም ያ አሠራር ሲፈርስ ነው። ጥፋቱን «ዘመን ተለወጠ» ብለን ካለፍነው ማንም አይጠየቅም፣ ማንም አያስተካክለውም። በየነጥቡ ልሂድ። ዓመቶቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከጨዋታው ጥራት ልጀምር። ጥር 13 ቀን 1954 ኢትዮጵያ ግብፅን (ያኔ የተባበረው የዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር) 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወስዳለች። ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ሆናለች፤ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ በጭማሪው ሰዓት ሁለቱን የማሸነፊያ ግቦች አስቆጥረዋል። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ይህን የሚያህል ውጤት ከዚያ በኋላ አልመጣም። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ የሚቀነስበትም የለም።

ነገር ግን ከአንድ ቀን ተነሥቶ ስለ ሠላሳ ዓመት መፍረድ አይቻልም። በ1954 ውድድር የተሰለፉት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ዋንጫው የተወሰደው በሁለት ጨዋታ ነው፤ ሁለቱም በገዛ ሜዳችን። ከዚያ በፊት በ1949 ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከውድድሩ ስለወጣች ቡድናችን ሳይጫወት ለፍጻሜ ደረሰ፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ። በ1951 ሁለቱንም ጨዋታ ተሸነፈ። በ1958 ቱኒዝያ ላይ በአስተናጋጇ 4 ለ 0፣ በሴኔጋል 5 ለ 1 ተረታ። በ1962 ሱዳን ላይ ደግሞ ኮትዲቯር 6 ለ 1 ስታሸንፈን ከስድስቱ ግቦች አምስቱን ያገባው አንድ ሰው ነበር፤ ሎራን ፖኩ። በ1974 ሊቢያ ላይ አንድም ግብ ሳናስቆጥር ተመለስን። የዚያን ጊዜ ተጫዋቾች ክብር አይነካም። ከአልጄሪያ ጋር ባዶ ለባዶ የወጣው የ1974 ቡድን ያቆመው፣ ከጥቂት ወራት በኋላ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን ያሸነፈውን ቡድን ነው። «ያኔ ሁሌ እናሸንፍ ነበር» የሚለው ግን ከመዝገብ ጋር አይገጥምም።

በሌላው በኩል ደግሞ ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሡት ዘመን አለ። የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ (ሴካፋን) በታኅሣሥ 1980 አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፈን መውሰዳችንን ሁሉም ያስታውሳል። ያንኑ ዋንጫ በ1994፣ በ1997 እና በ1998 ሦስት ጊዜ እንደወሰድነው የሚያስታውሰው ስንቱ ነው? ሁለቱ ከአገር ውጭ፣ ሩዋንዳ ላይ የተገኙ ናቸው። በቁጥር ከሄድን የሴካፋው ወርቃማ ዘመን ይህ ነው። ትዝታ ግን በ1980 ላይ ቆሟል፤ ምክንያቱም ያኔ ልጅ የነበረው ትውልድ ነው ዛሬ ትዝታ የሚጽፈው።

ስለ 1980 ካነሣን አይቀር፣ ጽሑፉ ውስጥ አንድ የሚያጠራጥር ነገር አለ። ጸሐፊው ከፍጻሜው ቀን ከስታዲየሙ ደረጃ ላይ ሆነው የሚያስታውሱት ትልቁ ነገር የስፖርት ዘጋቢውን የደምሴ ዳምጤን ድምፅ ነው። የደምሴ ድምፅ የሚሰማው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ነበር። ስታዲየም ውስጥ ያለ ሰው የሚሰማው የሕዝቡን ጩኸት ነው፤ ጎረቤቱ ትራንዚስተር ከያዘ ብቻ ካልሆነ በቀር። ትራንዚስተር የሚይዙ ነበሩ፤ ስለዚህ የማይቻል ነገር አልተነገረም። ይሁን እንጂ የዚያ ቀን ዘገባ በየዓመቱ ደጋግሞ ተደምጧል፤ በቤት የሰሙትን በስታዲየም ካዩት ጋር ማቀላቀል በማንም ላይ የሚደርስ ነው። «አባቴ የ1954ቱን ፍጻሜ ጎረቤት ቤት በቴሌቪዥን አየ» የሚለው ግን ሊሆን አይችልም፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ነው። የልጅነት የስታዲየም ትዝታን ለማስረጃነት ማቅረብ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ አራት ነገር ይፈትሽ፤ ጨዋታው የየትኛው ውድድር እንደነበር፣ ወሩን፣ ውጤቱን፣ እና ታየኝ የሚለው ተጫዋች ያን ጊዜ በዚያ ክለብ ይጫወት እንደነበር። ከአራቱ አንዱ ካልገጠመ ሁለት ቀን ወደ አንድ ተዋሕዷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የስታዲየሙ መሙላት ነው። በትላልቅ ቀናት፣ በጊዮርጊስና በቡና ጨዋታ፣ በብሔራዊ ቡድን ጨዋታ፣ ስታዲየሙ ሞልቶ እንደነበር ማንም አይክድም። «በየሳምንቱ» የሚለው ነው የሚያከራክረው። ሁለት ነገር ልብ ይባል።

አንደኛው አሠራር ነው። አብዛኞቹ ትልልቅ ክለቦች መቀመጫቸው አዲስ አበባ ነበር፤ ሁሉም የሚጫወቱትም በዚያው አንድ ስታዲየም ነበር። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጨዋታ ይደረጋል። የሁለተኛው ጨዋታ ደጋፊ የመጀመሪያው ሳያልቅ ይገባል፤ የመጀመሪያውም ደጋፊ በዚያው ትኬት ቁጭ ብሎ ሁለተኛውን ያያል። በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ ስታዲየሙ ውስጥ ያለው ሕዝብ የአራት ክለብ ደጋፊ ነው። አራት ክለብ ያሰባሰበውን ሕዝብ ዛሬ ሁለት ክለብ ብቻ ከሚያሰባስበው ጋር እያነጻጸሩ «ፍቅሩ ቀነሰ» ማለት ልክ አይሆንም።

ሁለተኛው የልጅ ዓይን ነው። ሰው ተጠጋግቶ ደረጃ ላይ ሲቀመጥ ለአንድ ሰው 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃዋል። 60 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ እርከን 133 ሰው ይይዛል፤ ሃያ እርከን 2,660 ሰው። ይህ ሕዝብ አንድ ቦታ ከተሰበሰበ፣ ከመሃሉ ላለ የአንድ ሜትር ከሃያ ቁመት ላለው ልጅ የሚታየው ከፊት ጀርባ፣ ከጎን ትከሻ ብቻ ነው። 35,000 ያህል ሰው ይይዛል በሚባል ስታዲየም ውስጥ ከአሥር እጅ አንዱ እንኳ ሳይሞላ ልጁ «አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ አልዋሸምም። ያውም ሰው የሚቀመጠው ተበትኖ አልነበረም። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ዳፍ ትራክ፣ ጥላ ፎቅ እየተባለ በየክፍሉ የራሱ ታዳሚ ነበረው፤ የካታንጋ ሰው ካታንጋ ነው የሚሄደው፤ ሌላው ክፍል ባዶ ቢሆንም አይዛወርም።

ደግሞስ ስታዲየም መሙላት ያኔ ቀረ? ጥቅምት 4 ቀን 2005 ኢትዮጵያ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፋ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስታልፍ ያው ስታዲየም ምን ይመስል እንደነበር ብዙ ሰው ያስታውሳል። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር ያስፈለገን በትክክል ሁለት ግብ ነበር፤ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ አገቡት። በዓመቱ ናይጄሪያ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ስትመጣ ስታዲየሙ ጨዋታው ከመጀመሩ ከብዙ ሰዓት በፊት ሞልቶ ነበር። ቴሌቪዥኑም፣ የእንግሊዝ ሊጉም ያኔ ነበሩ።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ እርሱ ነውና። ጽሑፉ «ጋሼ ያስገቡኝ» እያሉ በትልቅ ሰው እጅ ተይዘው መግባትን፣ ከዕረፍት በኋላ በር ሲከፈት መጉረፍን፣ በአጥር መሾለክን በናፍቆት ይተርካል። ደስታው ይገባኛል። «የሚነካን አልነበረም» ብሎ መደምደም ግን አደገኛ ነው።

ትኬት ያልያዘ ልጅ አይቆጠርም። በር ላይ ያለው ሰው የሸጠውን ትኬት ብዛት ያውቃል፤ ውስጥ ያለውን ሕዝብ ብዛት አያውቅም። አንድ ክፍል መሙላቱን የሚያውቀው መሙላቱን ካለፈ በኋላ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ከአምስት ሰው በላይ ሲጨናነቅ ሰው በራሱ እግር መሄድ ያቆማል፤ ሕዝቡ ወደ ወሰደው ይሄዳል። ከዚያ በላይ ሲሆን ሰው የሚሞተው ተረግጦ ብቻ አይደለም፤ ቆሞ እያለ ደረቱ ተጨፍልቆ አየር ያጣል። ቀድሞ የሚጎዳው ደግሞ አጭሩ ነው፤ ፊቱ በትልልቆቹ ደረት ልክ ነውና። ልጆች ለማየት ብለው ከአጥሩ ሥር ከፊት ይቆማሉ፤ ግፊቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር ሌላ ቦታ ምን እንዳደረገ የታወቀ ነው። በካይሮ የዛማሌክ ስታዲየም በ1966 ከ40 በላይ ሰው ሞተ። በእንግሊዝ ሂልስቦሮ በ1981 የደረሰው አደጋ 97 ሰው ገደለ፤ ከሞቱት ታናሹ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። በአክራ በ1993 አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ፣ ሕዝቡ ወደ ተቆለፈ በር ሸሽቶ ከ120 በላይ ሰው አለቀ። በሦስቱም ቦታ ሕዝቡ ለጠብ አልመጣም፤ ኳስ ሊያይ ነው የመጣው። የገደለው በር፣ አጥርና ያልተቆጠረ ሕዝብ ነው። የጠበበ በር፣ በአንዲት መስኮት የሚሸጥ የዕለት ትኬት፣ ከዕረፍት በኋላ በአንዴ የሚለቀቅ የልጅ ጎርፍ፤ ጽሑፉ በፍቅር የሚያነሣቸው እነዚህ ነገሮች የአደጋው መነሻ ሆነው በየምርመራው የሚጠቀሱ ናቸው።

ከዚሁ ጋር «ልጆች ሁሉ» የሚለው አባባል ይታይ። ጽሑፉ ውስጥ ያሉት ልጆች በሙሉ ወንዶች ናቸው፤ ጸሐፊው ይህን ልብ ያሉት አይመስልም። በአጥር መሾለክም ሆነ ከማያውቁት ሰው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ መግባት ለሴት ልጅ የሚፈቀድ ነገር አልነበረም። ሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን፣ ሉሲዎቹ፣ በ1997 በአፍሪካ ሻምፒዮና አራተኛ የወጡት ብዙዎቹ በልጅነታቸው ያ ዓይነት በር ሳይከፈትላቸው ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ያለው ልጅም እንዲሁ ነው። አገራችን ባስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫ በ1960 አንዱ ምድብ አሥመራ፣ በ1968 ደግሞ ድሬዳዋ ስለተደረገ የእነዚያ ከተሞች ልጆች ጥቂት ቀን አይተዋል። የጎንደር፣ የነቀምት፣ የደሴ ልጅ ድርሻው ሬዲዮ ነበር።

በአንድ ነገር ግን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። የልጁ መግቢያ ሲዘጋ በምትኩ ሌላ አልተከፈተም። መፍትሔው ውድ አይደለም። ዋጋው ዜሮ የሆነ ግን ተራ ቁጥር ያለው የልጅ ትኬት ይታተም፤ ከአንድ አዋቂ ትኬት ጋር ከሁለት ሳይበልጥ ይሰጥ፤ መግቢያው ከዋናው ሰልፍ በተለየ አንድ በር ይሁን፤ ጨዋታው ከመጀመሩ ሠላሳ ደቂቃ በፊት ይዘጋ። ያኔ ልጁ ይገባል፣ ይቆጠራልም።

ክለቦቹ የሕዝብ ነበሩ የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ጸሐፊው የሚናፍቁት ዘመን የደርግ ዘመን ነው። ያኔ ክለብ የሚደራጀው በመሥሪያ ቤትና በጦር ክፍል ነበር፤ ኦሜድላ የፖሊስ፣ ምድር ጦር የሠራዊቱ፣ አየር ኃይል የአየር ኃይሉ፣ መብራት ኃይል የመሥሪያ ቤቱ ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ እንኳ ስሙን ተነጥቆ በአዲስ አበባ ቢራ ስም ተጫውቷል። ደጋፊው ክለቡን የራሱ ማድረጉ እውነት ነው፤ ያደረገው ግን መንግሥት ክለቡን እያስተዳደረ ነው። ዛሬም አብዛኛው የፕሪሚየር ሊግ ክለብ በከተማና በክልል በጀት ይኖራል፤ በጀት ሲዘገይ ደመወዝ ይዘገያል። ይህ መታረም አለበት በሚለው ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። አዲስ በሽታ ነው በሚለው አንስማማም።

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ። ክሱ ሲሰማ ያሳምናል፤ በሰዓት ሲለካ ግን ይላላል። በእንግሊዝ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት የሚጀመረው ጨዋታ በእኛ ሰዓት በክረምታቸው ምሽት 12 ሰዓት፣ በበጋቸው 11 ሰዓት ነው። የአገር ውስጥ ጨዋታ 9 ሰዓት ቢጀመር ከዕረፍቱ ጋር 11 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። የሚጋጨው ቀደም ብሎ የሚጀመረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ እርሱ በእኛ 8:30 ወይም 9:30 ላይ ይውላል። ልጅ ሁለቱንም ማየት ይችላል፤ ለብዙ ዓመታትም ሲያይ ነበር። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም ምስክር ናቸው። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1976 ጀምሮ በየዓመቱ በአሜሪካኖቹ የጁላይ 4 (ሰኔ 27) በዓል ሰሞን በሚያዘጋጀው ውድድር ላይ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ከሩቅ ከተማ ይመጣሉ። እነዚያ ልጆች ቤታቸው ያለው ቻናል ከእኛ ይበዛል እንጂ አያንስም።

ታዲያ የአዲስ አበባ ልጅ ከስታዲየም ለምን ራቀ? ምክንያቶቹ በስም የሚጠሩ ናቸው። በ2013 የአገራችን ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምር፣ በኮሮናውም በቀረጻውም ምክንያት ክለቦቹ ሁሉ አንድ ከተማ ተሰብስበው ለተወሰኑ ሳምንታት መጫወት፣ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ መሻገር ጀመሩ፤ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ። በዚህ አሠራር የአንድ ክለብ ደጋፊ ልጅ ክለቡን በከተማው የሚያየው ተራው ሲደርስ ብቻ ነበር፤ ጨዋታውም ብዙ ጊዜ በትምህርት ቀን ይውል ነበር። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተዘግቶ ቆየ፤ የአደይ አበባ ስታዲየም ግንባታም ዓመታት ወሰደ። ብሔራዊ ቡድኑ ደግሞ ሜዳዎቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ስላላሟሉ የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ማድረግ ጀመረ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ድል አንድም የአዲስ አበባ ልጅ በደረጃው ላይ ተቀምጦ አላየውም። ለዚህ የእንግሊዝ ሊግ ምን አደረገ? የመልበሻ ክፍል፣ የመብራት፣ የመቀመጫና የመውጫ በር ጉዳይ ነው፤ የሚጠየቅ መሥሪያ ቤት ያለው ጉዳይ ነው።

የመጨረሻው፣ «ዛሬ ልጅ ይዞ መሄድ ከንቱ ነው» የሚለው ነው። ከባድ የሆነበት ጊዜ እንዳለ አልክድም። በተለይ በ2010 እና በ2011 በየሜዳው የተነሣው ረብሻ ብዙ ወላጅን አስፈርቷል፤ ፍርሃቱም ትክክል ነበር። ግን ሁሉም ጨዋታ አንድ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅ የሚወስድ ሰው ደርቢን (የአንድ ከተማ ተቀናቃኞችን ጨዋታ) ትቶ፣ ዋንጫም ከሊግ መውረድም የማይወሰንበትን ጨዋታ ይምረጥ። ከአርባ አምስት ደቂቃ በፊት ይድረስ፤ ግፊያ የሚኖረው በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ነው። ከግቡ ጀርባና ከመግቢያው በር አጠገብ አይቀመጥ፤ ከእርከኑ ጫፍ፣ ወደ መውጫ መተላለፊያ ቅርብ ይሁን። ልጁ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በኪሱ ይያዝ፤ ቢጠፋፉ የሚገናኙበት ቦታ ከመግባታቸው በፊት በጣት ይታየው። ኮፍያም ሹራብም ያስፈልጋል፤ የአዲስ አበባ ፀሐይ በ9 ሰዓት ያቃጥላል፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ይበርዳል። ፊሽካው ሲነፋ አብሮ አይነሣ፤ አሥር ደቂቃ ቁጭ ብሎ ሕዝቡ ሲሳሳ ይውጣ። ልጁ የሚጠይቀውን እየመለሱለት እዚያው መቆየት ነው፤ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያየ ልጅ ደግሞ ጥያቄ አያልቅበትም።